ጆሮዋን ያመነች ኦፕሬተር

እትዬ የምትሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። የትልቁ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ በሩ ላይ «ስልክ ማዞሪያ» ተብሎ የተጻፈበት ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ትናንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም የሚሉበት ሰሌዳ፣ ስፖንጁ የተላጠ ማዳመጫ፣ የማጠቢያው ማሽን በዞረ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ግድግዳ። ፊቷን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ድምጿን ግን ዘመድ ታሞበት የማያውቅ ካልሆነ በስተቀር የማያውቅ የለም። «ሆስፒታል ነው፣ ምን ልታዘዝ?» ልማድ ሆኖባት የቤታችን በር ሲንኳኳም «ምን ልታዘዝ?» እያለች ትከፍታለች። በዚህ ነገሯ ስንቴ በሳቅ ገድላኛለች።

እኔ ታናሽ እህቷ ነኝ። ሙያዬ ፀጉር ሥራ ነው። የሰው ጭንቅላት በእጄ ይዤ ስለምውል ወሬ አያመልጠኝም፣ ሰው አውቃለሁ ብዬም እኩራራለሁ። እትዬ አጠገብ ግን ደንቆሮ ነኝ።

ምሳ ሳደርስላት ጥግ ላይ ተቀምጬ ሥራዋን አያለሁ። ደዋዩ ገና «ሄሎ» ሳይል እጇ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ መስመር ይሄዳል። «በምን አወቅሽ?» ስላት «የመጀመሪያ ልጁ ነው፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ አያስወጣም» ትለኛለች። ሌላዋ ትደውልና ድምጿ አይወጣም፤ እትዬም መስመሩን ሳትዘጋ ሴትዮዋ አልቅሳ እስክትጨርስ አብራት ዝም ትላለች። ከዚያ «አይዞሽ፣ እዚሁ ነኝ» ትልና ወደሚመለከተው ታገናኛታለች። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት የሐኪማቸው ስም ጠፍቷቸው «ያ ስልክ ሲያነሳ የሚያስለው ልጅ» ቢሏት፣ ሳታመነታ አገኘችላቸው። እጄን በአፌ ጭኜ ነው ወደ ሥራዬ የምመለሰው።

ይህችን ሴት ነው እንግዲህ አንድ ሰው «ጆሮሽ አይሰማም» ብሎ ያሳመናት።

ሰውየው ባሏ ነበር። ወደ ሕይወቷ የገባውም በዚያው መስመር ነው። ደወለና «እናቴ ታመመችብኝ» አላት። ወፍራም፣ አንጀት የሚበላ ድምፅ። በቀን ስንት ሰው እንዲህ ይላታል፤ ይሄኛው ግን ያቺን «ብኝ» የምትለዋን ጫፍ ሲያንቀጠቅጣት የእህቴ ልብ ስፍስፍ አለ። ማታ ቤት ገብታ «እናቱን እንዲህ የሚወድ ሰው ሚስቱንማ እንዴት ያደርጋት ይሆን!» አለችኝ።

በማግስቱ ደወለ። በሦስተኛው ቀንም። እናቱ ድነው ቤታቸው ከገቡ በኋላም መደወሉን አላቆመም። «እንደዚህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ አንቺን ሳልሰማ ቀኑ አይነጋልኝም» አላት። አበባው፣ ግጥሙ፣ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ መጠበቁ... ከመተዋወቃቸው እስከ መጋባታቸው መተንፈሻ ጊዜ አልሰጣትም። እሷም አልጠየቀችም፤ እንዲህ ተወዳ አታውቅማ።

ሙያው መድረክ መምራት ነው፤ የሠርግ፣ የምርቃት፣ የመሥሪያ ቤት በዓል። «ባለ ድምፁ» ይሉታል። እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው፣ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። ገና በበር ሲገባ ሰው ወንበሩን ወደሱ ያዞራል። የሚያለቅስ ሕፃን ሲያነሳ ሕፃኑ ዝም ይላል። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ይህን ስጦታውን አልክድም። ሰው ማስደመም ያውቅበት ነበር።

ችግሩ መድረኩ ቤት ድረስ ተከትሎት መግባቱ ነው። እትዬ የሥራ ውሎዋን ልትነግረው ስትጀምር ዓይኑ ወደ ጫማው ይወርዳል። ጫማውን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ከዚያ «ይሄ የሚያስታውሰኝ» ይልና ወሬውን ወደ ራሱ ይመልሰዋል። ቀልዷን ግን አይረሳም። ሳምንት ሳይሞላው መድረክ ላይ የራሱ አድርጎ ያወራዋል፤ አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ እሷም ፊት ለፊት ተቀምጣ ታጨበጭባለች። «ያቺ ቀልድ እኮ የኔ ናት» አለችኝ አንድ ቀን፣ ልጇ የተመረቀላት ይመስል ደስ ብሏት።

አንዴ ብቻ እንግዶች ፊት አረመችው። አንዲት ሙሽራ ራሷን ስታ የወደቀችበትን ሠርግ ሲያወራ «ዘልዬ በእቅፌ ያዝኳት» አለ። እትዬ እየሳቀች «ኧረ ወንድሟ ነው የያዛት!» አለች። ክፋት አልነበራትም። እሱም አብሮ ሳቀ፣ እንግዶቹን እስከ በር ሸኘ፣ በሩ ሲዘጋ ፊቱም አብሮ ተዘጋ። ሳምንት ሙሉ አላናገራትም። ሳህን ስታቀብለው እንዳላያት ሆኖ ከአጠገቧ ሌላ ያነሳል። በመጨረሻ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

የጆሮው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ትናንት እንዲህ ብለኸኝ አልነበር?» ስትለው «እኔ? መቼ? ጆሮሽ ነው» ይላታል። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። ቀጥሎ በርኅራኄ ሆነ፦ «ቀኑን ሙሉ የሰው ጩኸት ስትሰሚ ትውያለሽ፣ ደክሞ ይሆናል» እያለ ፀጉሯን ይዳብሳል። የገባላትን ቃል አልገባሁም፣ የሰደባትን አልተሳደብኩም፣ ሁሉም ጆሮሽ ነው። አንድ ቀን ወጥ ቤት ቆሜ እኔም የሰማሁትን ስድብ ካደ። «ጋሼ፣ እኔም ሰምቻለሁ» ስለው «አንቺም እንደ እህትሽ ሆንሽብኝ?» አለኝ።

እናታችን የሞተች ዕለትማ አይነሳ። ባለ ድምፁ መሐል ገብቶ «ሞተችብኝ!» እያለ ሲያለቅስ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እሱን ሊያጽናና ከበበው። የሟች ልጆች እኔና እትዬ ነን። «ኧረ ለዚህ ልጅ ውሃ ስጡት» አሉ አንዲት ሴትዮ። እኛም ሄደን ውሃ አመጣንለት።

ቀስ በቀስ እትዬ ተለወጠች። ምሳ ይዤላት ስሄድ «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» ስትል እሰማት ጀመር። እሷ! ከትንፋሽ የምታውቀዋ! አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም፤ ግን ሁሉንም ታስደግማለች። አንድ ቀን ማዳመጫውን አወለቀችና «ልቡን የታመመ ሰው ደውሎ ወደ ጥርስ ክፍል ባገናኘውስ?» አለችኝ። «ሰው ከምገድል ሥራውን ብተወው ይሻላል። እሱም ተይው ብሎኛል።» ያ ሰሌዳ ከወጣትነቷ ጀምሮ ዕድሜዋን የሰጠችው ነገር ነው። ልትተወው ነው ስትለኝ እትዬን ራሷን የማጣት ያህል ፈራሁ።

የወደቀችው ባለ ድምፁ ትልቅ መድረክ በነበረው ቀን ነው። ፀጉሯን ልሠራላት መጥቼ ነበር። ከፎቁ ደረጃ ላይ እግሯ አዳለጣትና በእጇ ላይ ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ሲሰበር እኔ እንኳ ሰማሁት። እሱ መስታወት ፊት ቆሞ ከረባቱን ያስር ነበር። ዞር ብሎ አያት።

«ዛሬን መርጠሽ ትወድቂብኛለሽ?» አላት።

ከረባቱን አስተካክሎ ወጣ። ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ። ጄሶው እስኪደርቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እያለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ምንድን ነው ያለኝ? ደግመሽ ንገሪኝ።»

«ዛሬን መርጠሽ ትወድቂብኛለሽ ነው ያለሽ።»

«ቃል በቃል?»

«ቃል በቃል፣ እትዬ።»

እኔ ደሜ ፈልቷል። «ተነሺ» አልኳት፣ «እዚህ ድረስ ከመጣን አይቀር ይሄ ጆሮሽ ይታይ!»

የጆሮ ምርመራው እንደ ቁም ሣጥን ጠባብ የሆነች ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ሲዘጋ የገዛ ምራቅሽን ስትውጪ ይሰማሻል። እትዬን ማዳመጫ አደረጉላትና በደህናው እጇ ቁልፍ አስያዟት፤ ድምፅ ስትሰማ መጫን ነው። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ከመርማሪዋ ጎን ቆምኩ። መርማሪዋ ድምፁን ቀነሰች፤ እትዬ ተጫነች። አሁንም ቀነሰች፤ ተጫነች። መርማሪዋ ወንበሯን ወደ ማሽኑ አስጠጋች። እህቴ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ፊቷ ላይ ያቺ ደዋይ አልቅሶ እስኪጨርስ የምትጠብቅባት ትዕግሥት አለች። ተጫነች። ተጫነች።

«ከዚህ በታች ማሽኑ አይወርድም» አለች መርማሪዋ በመጨረሻ። «ስንት ዓመቷ ነው? እንዲህ ያለ ጆሮ ልጆች ላይ እንኳ ብዙ አላየሁም።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እትዬ ግን ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። «ጆሮዬ ደህና ነው» አለችኝ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው። ለካ ጆሮዋ ደህና ከሆነ የሰማችውን ሁሉ በእርግጥ ሰምታለች። ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ቃል። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

በዚያው ኮሪደር የምክር አገልግሎት ክፍል ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያዋና እትዬ ለዓመታት በስልክ ያወራሉ፣ ተያይተው ግን አያውቁም። «ይቅርታ፣ መግባት ይቻላል?» ስትል ሴትዮዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ማዞሪያዋ! ድምፅሽ ነው!» ብላ ተነሳች። በሦስት ቃል አወቀቻት። ተቃቀፉ፣ ከዚያ እትዬ ሁሉንም ነገረቻት።

ባለሙያዋ ወረቀቷን ወደ ጎን አደረገች። «ሰውየውን ሳላየው ስም ልለጥፍበት አልችልም» አለች። «ግን ናርሲሲዝም የሚባል ነገር አለ። ሰው ራሱን የሚወድ ይለዋል። ራስን መውደድማ ምን ችግር አለው፣ እኔም ራሴን እወዳለሁ፣ ይኸው እዚህ ክፍል ለመቀመጥ ሊፕስቲክ ተቀብቼ መጥቻለሁ። ይሄኛው ሌላ ነው። የሰው አድናቆት ካልሞላው ባዶነቱ የሚያስፈራው ሰው አለ። እንዲህ ላለው ሰው አጠገቡ ያለሽው ወይ አጨብጫቢ ነሽ ወይ እንቅፋት። ስታደንቂው ንግሥት ያደርግሻል፤ ስታርሚው ጠላቱ ነሽ። ጥፋቱን ብታሳዪው ጥፋቱ ይጠፋና ያንቺ ጆሮ ይቀራል። ብትታመሚ ሕመምሽ አይታየውም፤ የሚታየው ሕመምሽ እሱ ላይ ያመጣው ጣጣ ነው።»

«እሱ ላይ» አለች እትዬ። ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች፣ መስመር ላይ የራቀ ድምፅ ስትሰማ እንደምታደርገው። «ብኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ብኝ። ታመመችብኝ። ትወድቂብኛለሽ።» ድምጿ እየጠራ ሄደ። «ሰው ሁሉ ብኝ ይላል፣ አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የምሰማው እሱን ነው። ልጄ ታመመብኝ ይሉኛል። ግን ቀጥለው ስለ ልጁ ነው የሚያወሩት። ትኩሳቱ አልወርድ አለ፣ ምን ልስጠው፣ ይላሉ። ይሄ ሰውዬ የመጀመሪያ ቀን እናቴ ታመመችብኝ ካለኝ በኋላ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ነገ መድረክ አለኝ፣ ዛሬ ትወጣልኛለች?› ምን እንዳመማቸው አልጠየቀም። ሰምቼዋለሁ እኮ! ጆሮዬ ያን ቀንም ደህና ነበር። ፍቅር ነው ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።»

እኔ ያን ቃል ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁለት ፊደል ናት። አንድ ትዳር ሙሉ እዚያች ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በዚያው ሳምንት ባለ ድምፁ ቤቱ እንግዳ ጠራ። እትዬ በጄሶ እጇ ሳህን ስትደረድር ማንም ምን ሆንሽ አላላትም፣ እሱ እያወራ ነበርና። ጠግበው ሲጨርሱ ብርጭቆውን አንሥቶ ቆመ። የመድረኩን ድምፅ አወጣ።

«ወዳጆቼ፣ ያልነገርኳችሁ ሐዘን አለኝ። ባለቤቴ ጆሮዋ ደከመብኝ። ሥራዋን ልታቆም ነው። ከእንግዲህ ጆሮዋ እኔ እሆናለሁ።»

አጨበጨቡ። አንዷ እንባዋን ጠረገች። ምን ልበላችሁ፣ ሁሉን እያወቅሁ እኔ ራሴ ሆዴ ባባ፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ነበረው። እትዬ ሳህኑን አስቀመጠች። ጮኻ አልተናገረችም። ያቺን ከተማው ሁሉ የሚያውቃትን፣ የማትቸኩለውን የማዞሪያ ድምጿን አወጣች።

«ይቅርታ፣ ተሳስተዋል» አለችው።

ስልክ ተሳስቶ ለሚደውል እንግዳ እንደምትለው፣ በ«እርስዎ»። «ጆሮዬ ተመርምሯል፣ ደህና ነው። ሰኞ ሥራ እገባለሁ።»

እሱ ሳቀ። «አያችሁ? ያልኩትን እንኳ አልሰማችም» አለ፣ ወደ እንግዶቹ እየዞረ። ሳቁን የተቀበለው አልነበረም። ያቺ እንባዋን የጠረገችው ሴት የእትዬን ጄሶ ገና ያን ጊዜ አየችው። «ውይ፣ እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት፤ ሁሉም ወደ እትዬ ዞሩ። በዚያ ቤት ወንበር ወደሷ ሲዞር ያየሁት ያን ቀን ነው። የባለ ድምፁን ፊት ያየሁትም ያን ቀን ነው፦ ንዴት ብቻ አልነበረም፣ ፍርሃት ነበረበት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በር እንደተዘጋበት ልጅ። አዘንኩለት፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ ተናደድኩ።

እንግዶቹ ሲወጡ «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አላት። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሻንጣ ይዛ ከፀጉር ቤቴ ጀርባ ወዳሉት ሁለት ክፍሎቼ መጣች። ቀላል ነበር አልልም። ስንት ቀን የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ባዶውን ስታይ አገኛት ነበር። ይናፍቃታል፤ አበባ የሚያመጣው ያ የመጀመሪያው ሰው። እሱ በበኩሉ «ጆሮዋም ጭንቅላቷም ሄደብኝ፣ ሥራዋንም ተወች» እያለ ለከተማው አወራ። ደጋግሞ ስላወራው ራሱም አመነው። እሷ ግን ሰኞ ሥራ ገብታ ነበር፣ በአንድ እጇ። «ይድገሙልኝ» ማለቷን የተወችው ግን ወራት ቆይታ ነው።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ሰሞን እንደ ልማዴ ምሳ ይዤላት ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። መብራት በራ። «ሆስፒታል ነው፣ ምን ልታዘዝ?» አለች።

ከዚያ ጀርባዋ ቀጥ አለ። እኔ የሚሰማኝ የሷ ወገን ብቻ ነው። «እሺ... ይገባኛል... ከመቼ ጀምሮ ነው?» ማዳመጫውን ወደ ጆሮዋ ጫነችው። «ሲውጡ ያምዎታል?... ብዙ አይናገሩ፣ ይበቃል፣ ገብቶኛል።» ዓይኗን ጨፈነች። «አይዞዎት» አለች። «አይዞዎት። ይጠብቁ፣ ወደ ጉሮሮ ሐኪም አገናኝዎታለሁ።»

ሐኪሙ እስኪያነሳ ጠበቀች። ሲያነሳ ለቀቀችውና እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ማን ነው?» አልኳት።

«ድምፁ የጠፋበት ሰው። ‹ድምፄ ጠፋብኝ› አለኝ። ሹክሹክታ ብቻ ነው የቀረው።» ማዳመጫዋን ገፋ አደረገች። «የዛሬዋ ብኝ እንኳ በቦታዋ ናት፤ የጠፋው የራሱ ድምፅ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ምሳ ዕቃው ከጭኔ ሊወድቅ ነበር። «ጋሼ?!»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«አንቺ መሆንሽን አወቀ?»

«የለም። ‹እንደዚህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም› አለኝ።»

«ያን ሁሉ ዓመት አብሮሽ ኖሮ!» ጮኽኩ። «እንዴት ሰው የሚስቱን ድምፅ አያውቅም?»

እትዬ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቂም ፈልጌ አጣሁ። የሚያለቅስ ሰው መስመሩ ላይ ይዛ ስትጠብቅ የማያት ያች ትዕግሥት ብቻ ናት ያለችው፤ ለሱም ተርፋ። እጄን በአፌ ጫንኩ።

«ከየት ያውቀዋል?» አለች። «ሰምቶኝ አያውቅማ።»

ሌላ መብራት በራ። ማዳመጫዋን አስተካከለችና «ሆስፒታል ነው፣ ምን ልታዘዝ?» አለች።